አምሳ ሁለት ሰከንድ

የዘር መጋዘኑ ኃላፊ አቶ ወርቅአፈራሁ ሞተው የተገኙት ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም በሚሉበት የቢሯቸው አግዳሚ ላይ ነበሩ፤ አንድ እጃቸው ወለሉን ነክቷል፣ ጫማቸው ከአግዳሚው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጥበቃው ማህጁብና ምክትላቸው ቶሌራ በሩን በትከሻ ገፍተው ሲከፍቱት፣ ከኋላቸው የቆመችው ነዕማ አስከሬኑን ከማየቷ በፊት ሽታው ደረሳት። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ነው፤ የከረመ ዓሣ ይቀላቀልበታል።

«ውጡ» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። «መስኮቱን ከውጭ ስበሩት። ማንም እንዳይገባ።»

ያን ሽታ በአሶሳ ከእርሷ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ከቢሮው ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰነው የዘር መጋዘን ውስጥ፣ በሰሊጡና በማሽላው ጆንያ መሀል የነቀዝ መርዝ ክኒን የደረደረችው እርሷ ናት። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ነቀዝ ይሁን ሰው አይመርጥም። ስለዚህ መርዙ ከመግባቱ በፊት መጋዘኑ አየር እንደማያፈስ መለካት ግድ ነው። የለካችውም እርሷ ናት። ወረቀቱ ላይ ፊርማዋ አለ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ቢሮዎቹ፣ ማኅተሞቹ፣ መጋዘኑም አዲስ። ለመለኪያው ሰው ሲፈለግ ከሆሞሻ የመጣችውን ነዕማን አዲስ አበባ ልከው ሦስት ሳምንት አሠለጠኗት። መለኪያው መዳፍ የሚያክል፣ ቁጥር በመስታወቱ ላይ የሚያወጣ ነገር ነው። ሁለት ቀጫጭን ቱቦ አለው፤ አንዱ የመጋዘኑን በር በሸፈነው ሸራ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ውጭ ይቀራል። በጄኔሬተር የሚሠራ ማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ ሲነፋ፣ የውስጡ ግፊት ከውጭው በምን ያህል እንደበለጠ ይነግራል። መቶ ሲሞላ ማራገቢያው ይጠፋና አፉ ይደፈናል፤ ከዚያ ቁጥሩ ወደ አምሳ እስኪወርድ ሰከንድ ይቆጠራል። ቀስ ብሎ ከወረደ ቤቱ ጥብቅ ነው። ቶሎ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ማክሰኞ የቆጠረችው አምሳ ሁለት ሰከንድ ነበር። ደግ ቁጥር ነው።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው መጣ። ሳጅን ሰንበቴ ይባላል፤ የቡለን ሰው ነው፤ አጭር፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ የሚናገሩትን ሁሉ እንዳመነ ራሱን የሚነቀንቅ። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ግን የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችው፤ «ከዚያ በፊትስ?»

ቶሌራን በዚህች ጥያቄ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ወስዶ፣ ሟቹ ወደ ግልገል በለስ እንዲዛወር ጽፈውበት እንደነበር፣ ሁለቱም ባለፈው ሳምንት ግቢው ውስጥ ተጯጩኸው እንደነበር አወጣበት። ቶሌራ ላቡን እየጠረገ፣ መዛወሩን የተቃወመው ሚስቱ ልትወልድ ስለደረሰች ነው እንጂ ሌላ ቂም እንደሌለው ማለ። ሰኞና ማክሰኞ ባምባሲ ነበር፤ ያየው ሰው ብዙ ነው።

ማህጁብ ደግሞ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ሙዲር ረቡዕ ስድስት ሰዓት ከሆሞሻ መጣ» አለ፤ ሙዲር የሚለው ኃላፊውን ነው። «እኔ መስኮት ልክፈት አልኩ። ሰው ሣር ያቃጥላል፣ ጭስ ብዙ። ሙዲር ተው አለ፣ ጭስ ይገባል አለ። ተውኩ። ወላሂ፣ ብከፍት ኖሮ...»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት በር እምቢ አለ። ቀለም ያዘው። ሙዲር በቢላ ቆረጠ፣ አንለይ ሳቀ።»

አንለይ መጋዘኑንና ቢሮውን የሠራው፣ ቀለሙንም የቀባው ግንበኛ ነው። ሥራውን ገና አላስረከበም፤ በመጪው ሳምንት ከክልሉ ሰዎች ጋር ርክክብ ነበረው።

«ምን ተባባሉ?»

«ሙዲር ‹ምንድነው የሚሸት› አለ። አንለይ ‹ቀለም ነው ጋሼ፣ ይግቡ፣ ያልፋል› አለ። ሙዲር ገባ። ከዚያ አላየሁም።»

ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ጻፈም።

ከዚያ የነዕማ ተራ ደረሰ። የአራት ወር ልጇን ለእናቷ ትታ ከመጣች ግማሽ ቀን አልፏል፤ ጡቷ በወተት ተወጥሯል፣ ሻርፗን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ይዛለች። ቶሌራ ጠዋት በወንድምነት፣ ነገሩ በቸልተኝነት ሰው መግደል እንደሚባልና በትንሹ ዓመታት እንደሚያሳስር ነግሯት ነበር። ልጁ በዓመታት ውስጥ መራመድ ይጀምራል፣ መናገር ይጀምራል። እናቴ የሚለው ሌላ ሰው ይሆናል።

«ሁሉንም በደንቡ ነው የሠራሁት ሳጅን» አለች።

«ደንቡ ምን ይላል?»

«በሩን በሸራ መሸፈን፣ ቱቦውን ማስገባት፣ መንፋት፣ መቁጠር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ነበር። አሠልጣኙ ሦስት ጊዜ የደጋገመው፣ እርሷም በደብተሯ አስምራበት የነበረ ነገር። «ሌላ የለም» አለች። ሳጅኑ ይህንንም አምኖ እንደተቀበለ ራሱን ነቀነቀ። ያ ከቁጣ ይልቅ አስፈራት።

አርብ ጠዋት መጋዘኑ ተናፍሶ ሲያበቃ፣ ሳጅኑን ቢሮው በር ላይ ጎንበስ ብሎ የበሩን ጠርዝ በጥፍሩ ሲፍቅ አገኘችው። የተቀደደ የቀለም ቆዳ ከመቃኑ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንጠልጥሏል።

«ነዕማ፣ በር ሲቀባ ከፍቶ ነው ወይስ ዘግቶ?»

«ከፍቶ ነው። አለዚያ ይጣበቃል።»

«እኔም እንደዚያ ነው የማውቀው። ይኼ ግን ተዘግቶ ነው የተቀባው። መስኮቱም። ቀለሙ ከመቃኑ አልፎ ግድግዳ ላይ ሁሉ ወጥቷል። እጁ የሚመሰገን ሰው የሠራው ሆኖ ሳለ።»

ነዕማ የተቀደደውን ቀለም አየች። ብትናገር ጥፋቷን በራሷ አፍ ማመኗ ነው። ባትናገር ግን ይህን ሰው ደጋግሞ ራሱን ሲነቀንቅ ማየት ሊኖርባት ነው።

«ትላንት ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ከመንፋት በፊት፣ ከመጋዘኑ ጋር የሚዋሰን ክፍል ሁሉ በሩና መስኮቱ መከፈት አለበት። ደንቡ ይኼ ነው። ማክሰኞ ቢሮውን ልከፍት መጣሁ። አንለይ ‹ቀለሙ አልደረቀም፣ አትንኪው እህት ዓለም› አለኝ። ቁልፉም ከአቶ ወርቅአፈራሁ ጋር ሆሞሻ ነው አለ። ተውኩት። ወረቀቱ ላይም ዝግ እንደነበር አልጻፍኩም።»

«ዝግ ቢሆን ምን ይለውጣል?»

«በመጋዘኑና በቢሮው መካከል ቀዳዳ ቢኖር፣ ቢሮው ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ አየሩ ወደዚያ አልፎ መውጫ ያጣል። ቢሮውም አብሮ ይሞላል። መለኪያው ሁለቱን እንደ አንድ ቤት ነው የሚያየው። ቀዳዳው አይታወቅም።»

ሳጅኑ ከማስታወሻው ላይ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት። «መለኪያሽን አምጪ» አለ።

በማህጁብ እርዳታ ሁለት ጊዜ ለኩ። መጀመሪያ በተሰበረው መስታወት ፋንታ ላስቲክ ለጥፈው፣ የበሩንም ክፍተት በፕላስተር ደፍነው ነፉ። አምሳ ሰከንድ። ቀጥሎ የቢሮውን በርና መስኮት ወለል አድርገው ከፍተው እንደገና ነፉ። ማራገቢያው እንደጠፋ ቁጥሩ በመስታወቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ነዕማ ስድስት ስትል ቁጥሩ አምሳ ገብቷል። ማመን ስላቃታት ሰዓቱን ለሳጅኑ ሰጠችውና ደገሙት። ያው ስድስት።

«ቀዳዳው የት ነው?» አለች። ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ዳብሰው ምንም አላገኙም።

«የሚያውቀው ሰው ያሳየናል። እስከዚያ ለማንም አትንገሪ። የክኒኑን ሣጥን ቁልፍም ስጪኝ።»

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ አራቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰባቸው። አንለይ ንጹሕ ኮት ለብሶ፣ ለሟቹ ከልቡ ያዘነ ሰው መስሎ ገባ። ሳጅኑ በሩን ዘጋ፤ ከዚያም ምን እንደሚያደርግ ማንም ሳይገባው ክፍተቱን በፕላስተር ይለጥፍ ጀመር።

«ሁላችሁም መርዙ በዚህ ግድግዳ ነው የገባው ትላላችሁ» አለ ጀርባውን ሰጥቷቸው። «ስለዚህ ዛሬ ማለዳ መጋዘኑን እንደገና አሽጌ ክኒኑን በእጄ አስገብቻለሁ። ከየት እንደሚገባ አብረን እናያለን። የሚሸተው ሰው ይናገር።»

ነዕማ ሳጅኑን አፍጥጣ አየችው። ቀዳዳው መኖሩን ታውቃለች፣ እርሱም ያውቃል። ቁልፉን የሰጠችው ራሷ ናት። ሰውየው አብዷል ብላ አሰበች፤ የልጇ ትንሽ እጅ ትዝ አላት፤ ጮኻ ልትነሣ ስትል ሳጅኑ ዞሮ በዓይኑ አስቀመጣት። ትንፋሿን ያዘች። ሳታስበው መቁጠር ጀመረች።

ቶሌራ ያፈጠጠው የግድግዳው ሥር ላይ ነው። ማህጁብ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ላስቲክ የተለጠፈበትን መስኮት ያያል። ነዕማ ራሷ ስንጥቅ ፍለጋ ግድግዳውን በዓይኗ ትፈትሽ ነበር። ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት። አርባ ላይ ስትደርስ የወንበር እግር ሲጎተት ሰማች። አንለይ ከተቀመጠበት ወደ በሩ ተጠግቷል። የኮቱን እጅጌ አፍንጫው ላይ አድርጎ ወደ ላይ፣ ወደ ኮርኒሱ ያያል። ሁለት ጣውላ በሚገጥምበት መስመር ላይ ዓይኑ ተተክሏል።

«ይሸታል» አለ። «በሩን ክፈቱ። ሸተተኝ።»

«እኔን አልሸተተኝም» አለ ቶሌራ በፍርሃትና በግርምት መሀል።

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ከአግዳሚው ሥር የክኒኑን ጣሳ አወጣ። ማሸጊያው አልተነካም። «ሊሸት አይችልም። የቀረው ክኒን ሁሉ እዚህ ነው።» ከዚያ ለአንለይ ሳይሆን ለሁሉም፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። ጋዙ ያለፈበት ቀዳዳ ማክሰኞም ነበር፤ መለኪያው ያላየው ቢሮው ስለታሸገ ነው። ቢሮውን ያሸገው በተዘጋ በርና መስኮት ላይ የተለቀለቀው ቀለም ነው። ቶሌራ በዚያ ቀን ባምባሲ ነበር፤ ማህጁብ ከግቢው በር አልተለየም፤ ነዕማ ብታውቅ ኖሮ አርብ ዕለት መለኪያዋን ይዛ በራሷ ላይ አትመሰክርም ነበር። ቀለሙን የቀባው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ግድግዳው በሙሉ ተዳብሶ ጤናማ ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻ ወደ ላይ አየ።

ማህጁብ በጠረጴዛው ላይ ወጣና ጣውላውን ወደ ላይ ገፋው። ሳጅኑ የእጅ ባትሪ አቀበለው። ማህጁብ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ግድግዳ የለም» አለ። «እዚህ ያልቃል። ወዲያ ጆንያ እስከ ጣራ ተከምሯል። ሰሊጥ።»

አንለይ ተቀመጠ። ከነቀምት የሚመጣው መንገድ በዝናብ ተቆርጦ ብሎክ እንዳለቀበት፣ ግድግዳውን ከኮርኒሱ በላይ እቀጥላለሁ ብሎ ቀን እንደገፋ፣ በዚህ በኩል ኮርኒሱ፣ በዚያ በኩል ጆንያው ሲሸፍነው ማንም እንደማያውቅ እንዳሰበ ተናገረ። ልኬቱ ባያልፍ ኖሮ ኮርኒሱ ይከፈት ነበር፤ ሠርቶ የሚኖርበት ስሙም አብሮ ይጠፋ ነበር። ጋዙ ቢገባም ቢሮው ባዶ ነው ብሎ ነበር። አቶ ወርቅአፈራሁ የሚመለሱት ሐሙስ ነው ተብሎ ነበር።

«ሰው ልገድል አልተነሣሁም» አለ።

«ማክሰኞ አልተነሣህም» አለ ሳጅን ሰንበቴ። «ረቡዕ ቀትር ላይ ግን ደጁ ላይ ቆመህ ነበር። ሰውየው ምንድነው የሚሸት ብለው ጠየቁህ። ቀለም ነው፣ ይግቡ አልካቸው።»

ማህጁብ ጠረጴዛው ላይ እንደቆመ ፊቱን አዞረ።

ግንበኛው ተይዞ ከሄደ በኋላ ነዕማ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ሻርፗ በወተት ርሶ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። ሳጅኑ መጥቶ የማክሰኞውን ወረቀት ዘረጋላት፤ አምሳ ሁለት ሰከንድ፣ ከሥሩም ፊርማዋ።

«የጎደለውን ጻፊበት» አለ። «ጥፋቱ የእርሱ ነው። ግን ይኼም መዝገቡ ውስጥ ይገባል፤ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። አልዋሽሽም።»

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ከቁጥሩ ጎን «ቢሮው ዝግ ነበር፤ ማስከፈት ነበረብኝ» ብላ ጻፈችና የዕለቱን ቀን አድርጋ ፈረመች። ከዚያ ወደ ልጇ ሮጠች።