የዱቄቱ መኪና ታኮ

የመንገድ ሥራ ኃላፊው መንገዱን በዘጋው ናዳ ግርጌ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ ደም የነካው ግራጫ ድንጋይ ወድቋል። «ናዳ ነው የገደለው» አሉ በቦታው የነበሩት ሦስት ሰዎች። መርማሪዋ ግን ሦስት ሰው በአንድ አፍ ሲናገር አይጥማትም፤ ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ያሏት በከንቱ አልነበረም።

ከናዳው ማዶ ያለችው ከተማ ሌላ መንገድ የላትም። ዳቦ ቤቷ ከተዘጋ ሰንብቷል። ዱቄቱ ደግሞ እዚህ ዳገቱ ላይ፣ መኪና ላይ እንደተጫነ ቆሟል።

«ትናንት በዶዘሬ አንድ መኪና የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ከፍቼ ነበር» አለ ኦፕሬተሩ። «ኃላፊው ‹ይደረመሳል፣ ማንም አያልፍም› አለ። ተጣልተናል፣ አልዋሽም።»

የዱቄቱ ባለቤት ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ዱቄቱ ወደ ሌላ ገበያ እንዲመለስ ጠየቅሁት፣ እሺ አለኝ። ታዲያ ምን በወጣኝ እገድለዋለሁ?»

«አንተስ?» አለችው የዱቄቱን መኪና ሹፌር።

«ሚስቴና ልጆቼ ማዶ ናቸው። ሌላ የምለው የለኝም።»

መርማሪዋ ከመኪና መኪና እየዞረች በየጎማው ሥር አጎነበሰች። ጫማዋን ጭቃ ዋጠው፤ ነጋዴው ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። በመጨረሻ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ከናዳው ጋር የወረደው ድንጋይ ሁሉ ቀይ ጭቃ ለብሷል። የገደለው ድንጋይ ግን ግራጫ ነው፤ በአንድ ጎኑም የጎማ ጥቁር ምልክት አለው። ስለዚህ ከላይ አልወረደም። መኪና እንዳይንሸራተት ታኮ ሆኖ ከጎማ ሥር የሰነበተ ነው። ዶዘር በሰንሰለት ስለሚሄድ ታኮ አያስፈልገውም። የነጋዴው ፒክአፕ ታኮዎች ከቦታቸው አልተነሱም፤ ጎማው አጥቁሯቸዋል። የዱቄቱ መኪና ግን በግራ ጎማው ሥር የጠቆረ ታኮ፣ በቀኙ ሥር ቀይ ጭቃው ያልተራገፈ አዲስ ድንጋይ አለው።»

ወደ ሹፌሩ ዞረች።

«ሹፌር ታኮ የሚያነሳው ሊሄድ ሲል ነው። ልታልፍ ነበር። ድንጋዩ እጅህ ላይ እያለ መጥቶ ፊትህ ቆመ።»

ሹፌሩ ጭቃው ላይ ዝርፍጥ አለ። «ለመንኩት፣ እትዬ። አልቅሼ ለመንኩት። ‹ልጆችህ ይጠብቁ› ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ከዚያ ለምን አልሄድክም?»

«እጄ መሪ መያዝ አቃተው። ያገኘሁትን ድንጋይ ጎማው ሥር ወትፌ እሱን ወደ ናዳው ጎተትኩት።»

«ዱቄቱንስ አሁን ማን ያሻግረው?» አለች መርማሪዋ።

ኦፕሬተሩ አቀረቀረ። «እኔ ከዶዘር ሌላ ነድቼ አላውቅም።» ነጋዴው ከቀጭኑ መንገድ ሥር ያለውን ገደል አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

መርማሪዋ ካቴናውን አውጥታ ነበር። ማዶ ያለችውን ከተማ ተመለከተች፤ ከአንድም ጣሪያ ጭስ አይወጣም። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ካቴናውን ኪሷ መለሰችው።

«ተነስ። ግባና ፍሬን ያዝ።»

ኦፕሬተሩ ማንም ሳያዘው የግራውን ታኮ አነሳ። እሷ ቀዩን ድንጋይ ከቀኙ ጎማ ሥር ፈልቅቃ አወጣችና ከሹፌሩ ጎን ገብታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ፖሊስ ጣቢያ ማዶም አለ» አለች። «ንዳ።»