ሦስተኛው ወንበር

በጤና ኮሌጁ ውስጥ ሰልጣኞች «ቁጭ በሉ» እያሉ የሚጠሩት አንድ የተግባር አስተማሪ ነበረ። ቅጽል ስሙን ያተረፈለት የሚያስተምረው ትምህርት ነው። ለቤተሰብ መርዶ የሚነግር ነርስ አስቀድሞ ሁለት ወንበር ፈልጎ ይቀመጥ፤ ቆሞ የሚናገር ሰው ለመሄድ የቸኮለ ይመስላል፤ ከተናገረም በኋላ ዝም ብሎ ይቆይ እያለ ደጋግሞ ያለማምዳቸው ነበር።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጇ ወደ መለማመጃው ክፍል የገባችው ይህን ትምህርት ልትገመግም ነው። ከኋላ ተቀምጣ ስትጽፍ፣ የታማሚ ልጅ ሆኖ የሚለማመድ ሰው ጎደለና አስተማሪው እርሷን ጠራት።

«ይቅርታ፣ እኔ የመጣሁት ለግምገማ ነው።»

«እኛስ ለቀልድ መጣን እንዴ? ይምጡ፣ ይቀመጡ።»

ሰልጣኞቹ ሳቁ። እርሱ ወንበሩን አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አባቷ ማረፋቸውን ነገራት፤ ከዚያም ዝም አለ። ልምምድ መሆኑን እያወቀች ዕንባዋ ወረደ፤ የገዛ አባቷን መርዶ የሰማችው በስልክ፣ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ከማታውቀው ሰው ጎን ቆማ ነበርና። ሰልጣኞቹ ሁሉ አፈጠጡባት። እርሱ ብቻ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰላት።

ፍቅሯ የጀመረው በዚያች ቅጽበት ነው። ይሁን እንጂ እፍረቷ ከፍቅሯ ቀደመ። የሥልጠናው ጊዜ እንዲያጥር በታዘዘ ጊዜ፣ የቱ ይቀነስ ተብላ በኮሚቴ ፊት ስትጠየቅ ያን ትምህርት ጠቆመች። በፈተና የማይመዘን ነገር በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ ሊይዝ አይገባም አለች። ምክንያቱ ለጆሮ የቀና ነበር። እውነቱ ግን ያለቀሰችበትን ወንበር ዳግመኛ ማየት አለመፈለጓ ነው፤ ይህንንም ስትናገር ታውቀው ነበር።

ትምህርቱ ተሰረዘ፤ አስተማሪውም ያሰረዘው የኮሌጁ ዲን መሰለው። ትምህርቱን በዐይኗ ያየች ሰው ስለሆነች እንድትሟገትለት ሊለምናት ቢሮዋ ድረስ መጣ። እሞክራለሁ አለችው። ዲኑ ለትምህርት ልብ የሚኖረው ሪባን ሲቆርጥ ብቻ ነው እያለ ሲቀልድም አብራው ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ለልምምድ የሚያገለግለውን ሰው መሳይ አሻንጉሊት ወደ ጥገና ሊወስዱ፣ እርሱ በራስጌ እርሷ በግርጌ ይዘው አደባባዩን ተሻገሩ። አንዲት እናት በድንጋጤ ቆሙ።

«ሴትዮዋ ደነገጡ፤ ምን እንበላቸው?» አለች።

«ትነቃለች በያቸው። አንቺ ብቻ እግሯን አትልቀቂ።»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ወራት አለፉና የአስተማሪው እናት በሆስፒታል ዐረፉ። መርዶውን የነገረችው ከአጭሩ ሥልጠና ገና የወጣች ነርስ ናት፤ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ከሐዘን ሲመለስ ይህን ሁሉ ለአዘጋጇ አወራላት።

«ልጅቷን አልወቅሳትም። ያስተማራት የለም። ያን ትምህርት ያሰረዘውን ሰው ግን ይቅር ልል ሞክሬ አልሆነልኝም።» ቀጠለም፤ «እናቴ ወሬሽን ሰምታለች። ያቺን እግር ያዥ መቼ ነው የምታመጣልኝ ትለኝ ነበር። ሳላሳያት ቀረሁ። እንጋባ።»

ጊዜ ስጠኝ አለችው። ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር?

ታላቅ እህቷ ነገሩንና እውነቱን ልትነግረው ማሰቧን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አንቺ ሐሳብ አቀረብሽ እንጂ የወሰነው ኮሚቴው ነው። ትዳርሽን በገዛ እጅሽ ልታፈርሺ? ዝም በይ፣ እህቴ» አለቻት። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነበር፤ ከጽድቅ ግን አልመጣም። አዘጋጇም ልትቀበለው ምንም አልቀራትም። ግን ባልዋ የሚሆነው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጥፋት የሌለበትን ዲን ሲጠላ፣ እርሷ ከጎኑ ሆና ስታይ ታያት።

በማግሥቱ ወደ መለማመጃው ክፍል ሄዳ ሁለት ወንበር አቀራረበች። አስተማሪው ገብቶ ወንበሮቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እርሷም ወንበሯን አስጠጋች።

«ትምህርቱን ያሰረዝኩት እኔ ነኝ። ዲኑ የለበትም። በፈተና አይመዘንም ያልኩትም ሰበብ ነው። አንተ ፊት በማልቀሴ አፍሬ ነው።»

ይቅርታ የሚለምን፣ የሚያባብል፣ የሚያስረዳ ብዙ ቃል አፏ ድረስ መጣ። ሁሉንም ዋጠችው፤ ከተናገሩ በኋላ ዝም ማለትን ያስተማራት እርሱ ነውና።

እርሱም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የአሁኑ ግን ለእርሷ እፍረት ብሎ አልነበረም።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለና ተነሥቶ ወጣ። ዳግመኛ «እርስዎ» ማለቱ እንደ ተዘጋ በር ሆነባት።

ያንኑ ቃል በኮሚቴው ፊት ደገመችው። ዲኑ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ ለምን ታነሺዋለሽ አላት፤ በእኔ ጥፋት የሚወቀሱት እርስዎ ስለሆኑ ነው አለችው። ትምህርቱ ተመለሰ፤ በአጭሩ ሥልጠና የወጡ ነርሶችም ለተጨማሪ ልምምድ ተጠሩ። የዝግጅቱ ኃላፊነት ከእርሷ ተወስዶ ለሌላ ሲሰጥ ተገቢ ነው ብላ ተቀበለች።

ልምምዱ በተጀመረ ዕለት ሳትገባ በር ላይ ቆመች። አስተማሪው ኮሪደር ላይ መርዶ የነገረችውን ወጣት ነርስ ወደ ፊት ጠርቶ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አላት። «ዛሬ ታማሚዋ እናቴ ናት፤ ልጇም እኔ ነኝ። እንደገና ንገሪኝ።»

ልጅቷ ሁለት ወንበር አቀራረበች። እርሱ ግን አልተቀመጠም። ከግድግዳው ሥር ሦስተኛ ወንበር ስቦ ከራሱ ወንበር ጎን አኖረና ወደ በሩ ተመለከተ። ብዙ ቆየ። ሰልጣኞቹም ዞረው አዩአት።

«ብቻዬን አልሰማውም» አላት። «ነይ፣ ቁጭ በይ።»

መጥታ ተቀመጠች። ነርሷ ወንበሯን አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መርዶውን ነገረች፤ ከዚያም እንደ ተማረችው ዝም አለች። በዝምታው መካከል እጁ እጇን ፈልጎ ያዘ።