ጭቃ የመዘነው ዲያቆን

በሰማዕታት ዓመት በሺህ አምስት መቶ ዘጠና ሦስት፣ ባኡና በሚሉት በሰኔ ወር በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በግብፅ አገር፣ ከአስዩት በስተ ደቡብ ዓባይ ክስት ብሎ፣ የጎድን አጥንቷ እንደሚቆጠር ላም የአሸዋ ጀርባውን ለፀሐይ አስጥቶ ነበር፤ በግራና በቀኙ ያለው እርሻም ተሰነጣጥቆ አፉን ከፍቷል፤ ነገር ግን የናዝለት አቡ ኸሊል ሰዎች ጎታቸው በቅርቡ በታጨደው ስንዴ ጢም ያለ ስለ ነበረ፣ የሚያሳስባቸው መሬቱ ሳይሆን የካይሮ ነጋዴዎች ጀልባ መቼ ይደርሳል የሚለው ነበር።

በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ ኸዲቭ የሚባለው የአገሩ ገዢ መንግሥት የመስኖ መሐንዲስና የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን የሆነው ዊሳ ኤፈንዲ በኑብ፣ በአህያ ተቀምጦ አንድ የመስተዋት ሣጥን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ መንደሩ ገባ። በአውራጃው ውስጥ እነዚህን ሁለት ማዕረጎች ባንድ ትንፋሽ የሚጠራ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ሲገባ ዲቁናውን፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መሐንዲስነቱን ደጅ እንዲተው በትሕትናም በስድብም ተነግሮታል። እሱ ግን ነገሩ ፈጽሞ አይገባውም ነበር፤ ፈጣሪ ወንዙን በልክ ካበጀው፣ ልኩን ማንበብ ምኑ ላይ ነው ክህደቱ? ልኩን የሚያነብስ ሰው፣ ያበጀውን ቢያመሰግን ምኑ ላይ ነው ድንቁርናው?

ባጭሩ ናዝላ የሚሏት የመንደሪቱ ልማድ ይህ ነበር። በሰኔ ሚካኤል መልአኩ በፈጣሪ መንበር ፊት ወድቆ ስለ ወንዙ ይማልዳል፤ ከሰማይም አንዲት ጠብታ ወደ ዓባይ ትወርዳለች፤ ወንዙም ከዚያች ቀን ጀምሮ መሙላት ይይዛል። ጠብታይቱ የበረከት መሆኗን ለማወቅ፣ ከወንዙ ዳር የተቆረሰ ጭቃ በፀሐይ ደርቆ በዋዜማው በቤተ ክርስቲያን ይመዘናል፤ በመልአኩ ሥዕል ፊት ያድራል፤ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ይመዘናል። ከብዶ ከተገኘ ዓመቱ ጥጋብ ነውና አሮጌው እህል ይሸጣል፤ ካልከበደ የጎታው አፍ በጭቃ ይመረጋል።

ቆሞስ አባ ብሻይ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የመንደሩ ቄስ፣ ሣጥኑን ዞረው ዞረው አዩት። በውስጡ ቀጭን የነሐስ ክንድ፣ ሁለት ሣህን፣ አንዲትም መርፌ ነበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሚዛን ነው አባታችን። በእስክንድርያ ከመድኃኒት ቀማሚ የገዛሁት። የአንዲት ሰሊጥ ፍሬ ክብደት እንኳ ይለያል።»

«እኛ የምንመዝነው ጭቃ ነው። ሰሊጥ ስንመዝን እንጠራሃለን።»

«አባታችን፣ አሮጌው እኮ አይሠራም!»

«አርባ ዓመት ሠርቷል።»

«አርባ ዓመት አልተነቃነቀም!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አሉ ቆሞሱ፤ ዊሳም የእርጅና ንግግር ነው ብሎ አለፈው።

አሮጌው ሚዛን የቆሞሱ አያት የጠረቡት፣ በገመድ የተንጠለጠለ እንጨት ነበር፤ ግመል ቢጫንበትም አንገቱን ከማዘንበሉ በፊት ቆም ብሎ የሚያስብ ዓይነት። ዑምዳው በስታ፣ የመንደሩ ሹም፣ ሆዱን አስቀድሞ መጣና ሣጥኑን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«አባታችን፣ ተዉት እንጂ! የጎረቤት መንደር የናዝለት ሻሂን ሰዎች ይህን ቢያዩ ቅናት ይደፋቸዋል። የመንግሥት መሐንዲስ ለመልአኩ ሚዛን አመጣለት! ይሄ መቼ ተሰምቶ ያውቃል?»

ቆሞሱ ዑምዳውን አዩት፤ ዊሳንም አዩት፤ «እንዳላችሁ» ብለው ጢማቸውን እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ገቡ።

ዊሳ ያረፈው ባሏ በሞተባት በታላቅ እኅቱ በኢስቴር ቤት ነበር። ኢስቴር ሁለት ጎታ ስንዴና አንድ ጎታ ባቄላ ነበራት፤ ልጇን ማርታንም በመስከረም ልትድር እየተሰናዳች ነበር። እናቱ በልጅነቱ ስለ ሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ የካይሮን ትምህርት ቤት ስንቅ የቻለችውም እሷ ናት። ጭቃውን ለዋዜማ ሲያዘጋጅ በትምህርት ቤት የተማረው አንድ ነገር ትዝ አለው፤ መምህሩ «አንድ ነገር መዝነህ ከማመንህ በፊት ወንድሙን ሌላ ቦታ አስቀምጠህ መዝን» ይሉ ነበር። ሁለተኛ ጭቃ ቆርሶ በእኅቱ ጓሮ ለማስቀመጥ እጁን ዘረጋ፤ ነገር ግን ይህ መልአኩን እንደ ሌባ መጠርጠር መስሎ ታየው፤ እጁን ሰበሰበ። የመሥሪያ ቤት ሥራ ቢሆን እጁን አይሰበስብም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ሰበሰበው።

በማግስቱ ስድስት መቶ ነፍስ በአንዲት ጠባብ ቤተ ክርስቲያን ታጭቆ፣ ላቡን እያፈሰሰ አስቀደሰ፤ በመጨረሻም ቆሞሱ እንደ ሥርዓቱ ጠበሉን በሕዝቡ ላይ ረጩ። ዊሳ ነጭ የዲቁና ልብሱን እንደ ለበሰ ጭቃውን የዋዜማው ክብደት ከተቀመጠበት ሣህን ትይዩ አኖረ። መርፌዋ አዘነበለች። አንድ ትንሽ የነሐስ ቅንጣት ጨመረ፤ አሁንም አዘነበለች። ሌላ ጨመረ። ሁለቱ ጌቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መሥሪያ ቤቱ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ ገበታ ቀርበው እጅ ለእጅ የተያያዙ መሰለው።

«ከበደ!» አለ።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ዑምዳው በስታ አግዳሚ ላይ ዘሎ ወጣና፦

«ሰማችሁ? ከበደ ያለው ቄስ አይደለም፤ መሐንዲስ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«መሐንዲስ ብቻ? ዲያቆንም እኮ ነው!» አለው አንዱ ከኋላ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠር? ቄስ ብቻ ቢለው፣ መሐንዲስ ብቻ ቢለው፣ ግማሹ ሰው ግማሽ እህሉን ያስቀምጥ ነበር።

ሰኔ ሳያልቅ ግን ዊሳ ሚዛኑን ሊያጸዳ ቢመጣ፣ በዋዜማው ያፈነው ጥርጣሬ መልሶ ያዘው። ከእኅቱ ጓሮ የደረቀ ጭቃ አምጥቶ መዘነና በቤተ ክርስቲያን አኖረው፤ እንደ ወትሮው ካለ የእሑድ ቅዳሴ በኋላ ደግሞ መዘነው። ከበደ። በኢስቴር ማድ ቤት ከውኃው እንስራ አጠገብ አስቀመጠው፤ ከበደ። ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ቀለለ። መልአኩ በማድ ቤትም ይወርዳል ካልተባለ በቀር፣ ጭቃው ይጠጣ የነበረው የስድስት መቶ ሰው ትንፋሽና የቆሞሱን ጠበል ነበር። በሐምሌ መባቻም ከወንዙ ላይኛው ወገን ከካርቱም የመጣው ቴሌግራም በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተነበበ፤ ወንዙ ዘግይቷል፤ ከልማዱም እጅግ ያነሰ ነው። የነጋዴዎቹም ጀልባዎች ከአስዩት ተነሡ ተባለ።

ዊሳ ወደ ቆሞሱ ሮጠ፤ ነገሩን ሁሉ ሳይተው ነገራቸው። ሽማግሌው አልደነገጡም።

«አሮጌው አርባ ዓመት ሠርቷል ያልኩህ ለምን ይመስልሃል?» አሉት። «አሮጌው ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል እኔም ‹መልአኩ ዘንድሮ ምሥጢሩን ይዟል› እላለሁ፤ ሰዉም ግማሹን ይሸጣል፣ ግማሹን ያስቀምጣል። አርባ ዓመት በዚህ ኖርን። አንተ መጥተህ አናገርከው።»

«እንግዲያው ዛሬ ይንገሯቸዋ! ጭቃው ምንም አያውቅም ይበሉ!»

«ጭቃው ምንም አያውቅም ካልኳቸው ነገ ስለ ኅብስቱ ይጠይቁኛል።»

«ጭቃውና ኅብስቱ አንድ ነው እንዴ አባታችን?»

«ለእኔና ለአንተ አይደለም። ለእነሱ ግን ሁለቱንም ያቀረብኩት እኔው ነኝ፤ በዚሁ እጄ።» እጃቸውን ዘርግተው አዩት። «በዚህ ዕድሜዬ የቱን መልሼ እንደምወስድ አላውቅም ልጄ።»

ዊሳ በዚያው ቀን ወደ አስዩት ጋልቦ ከአለቃው ከሙሴ ዴልማ ፊት ቆመ፤ ሙሴ ማለት በሰውዬው አገር በፈረንሳይ አቶ እንደ ማለት ነው፤ የካርቱሙ ቴሌግራም በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም በየመንደሩ እንዲነበብ ለመነ።

«ቴሌግራሙ የመንግሥት ነው» አለው ሙሴ ዴልማ። «ደግሞስ እርስዎ በጭቃ ያወጁትን እኔ በማኅተም ላርም? ይህ ሁሉ ወሬ እኮ ደርሶኛል። ሙሴ ዊሳ፣ እንደ ሰው ከሁለት አንዱን ይምረጡ፤ ወይ ወንዝ ይለኩ፣ ወይ ይጸልዩ።»

«ጠዋት እለካለሁ፣ ማታ እጸልያለሁ፤ በመካከሉም ምሳ እበላለሁ። እስከ ዛሬ አንዱ ሌላውን አልከለከለኝም።»

«ከልክሎዎታል እንጂ!» አለ ሙሴ ዴልማ እየሳቀ። «ቢሮዬ ውስጥ ቢሆን ሁለት ጭቃ ይመዝኑ ነበር።»

ነገሩ እውነት ነበር። በእውነት የሚያናድደው ስድብ እንዲህ ያለው ነው።

በእሑድ የጳውሎስን መልእክት አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ዘጋና ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እህላችሁን አትሽጡ። መልአኩ አልዋሸም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ስለ ትንፋሹና ስለ ጠበሉም አስረዳ። ዑምዳው በስታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በሰኔ የከበደ በሐምሌ ቀለለ? ጭቃ ነው ወይስ የመንግሥት ደመወዝ?»

ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈነዳ።

«የእኛ ትንፋሽ ነው ይላል እኮ!» አለች አንዲት ባልቴት። «የመልአኩን ጠብታ የእኛ ላብ አደረገው!»

«ወደ አሜሪካኖቹ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ሊገባ ነው፤ ተዉት» አላት ሌላው።

ቆሞሱ ወደ መሠዊያው እንደ ዞሩ ነበሩ፤ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አልመለሱም።

ጀልባዎቹ በማግሥቱ ደረሱ። ዊሳ ሮጦ ሲገባ ኢስቴር የመጀመሪያውን ጎታ የታችኛውን አፍ ከፍታ፣ ስንዴው ወደ ጆንያው እየወረደ ነበር። የጎታውን አፍ በመዳፉ ደፍኖ ቆመ።

«እትዬ፣ እባክሽ። ሌላው ቢቀር አንዱን ተዪው።»

«እጅህን አንሣ ዊሳ። ሰው እያየ ነው።»

«ተሳስቻለሁ አልኩሽ እኮ!»

«አንተ ነህ ከበደ ያልከው። በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ፤ ነጭ ለብሰህ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ሁለት ነገር አምኛለሁ፤ መልአኩንና አንተን። ሁለታችሁም አንድ ቃል ስትናገሩ ከዚያ ወዲያ ማንን ልጠይቅ?»

«ያሁኑን እኔን እመኚያ!»

«ያሁኑ አንተ ብቻህን ነህ» አለችው፤ ጣቶቹንም በልጅነቱ ከማር ማሰሮ ላይ እንደምታነሣው አንድ በአንድ አነሣቻቸው፤ ስንዴውም መፍሰሱን ቀጠለ።

በነሐሴ ወንዙ ትንሽ ተነሣ፤ ደለሉን አደፈረሰ፤ ከመስኖው አፍ በታች ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ዝቅ ብሎ ቆመ፤ እዚያው ቀረ። ሻራቂ የሚሉት፣ ውኃ ያልቀመሰው መሬት እስከ በረሃው ጫፍ ተዘረጋ። የማርታ ሠርግ ለፋሲካ ተላለፈ፤ በጥር ደግሞ ስለ ሠርግ የሚያወራ ጠፋ። ዊሳ ደመወዙን በጆንያ ባቄላ እየለወጠ ለእኅቱ ይልክ ነበር፤ ደመወዙ ግን አራት ወር ዘገየ፤ ኢስቴርም የሚላከውን ለማርታ እያበላች ለራሷ «በልቻለሁ» ትል ነበር። በየካቲት ሞተች። በመቃብሯ ላይ የጳውሎስን መልእክት ያነበበው ዊሳ ነው፤ ሌላ ዲያቆን አልነበረምና። አባ ብሻይ ከጸሎቱ በኋላ ክንዱን ያዙት፤ ቆይተውም ለቀቁት።

መንደሩ ግን የተፈጠረውን አወቀ፤ ጥርት አድርጎ አወቀ። መልአኩ ውኃውን ሰጥቶ ነበር፤ ጭቃውም መስክሯል፤ ነገር ግን ዲያቆኑ በእሑድ ቀን በአደባባይ ስለ ሰደበው፣ የሰጠውን መልሶ ወሰደ። ባዶ ጎታውን እየደበደበ ይህን ያስረዳ የነበረው ዑምዳው በስታ ነው። በአስዩትም ሙሴ ዴልማ ለበላዮቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ በናዝላ ረኀቡ የጠናው ሕዝቡ በአጉል እምነት ስለ ተመራ መሆኑን ገለጠ፤ ከሐምሌ ጀምሮ በጠረጴዛው ላይ ስለ ነበረው ቴሌግራም ግን አላነሣም። ሁለቱ ወገኖች በዓለም ላይ የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ጥፋተኛው ዊሳ መሆኑ ነበር።

ለቅስና ታስቦ የነበረው ስሙ ተሠረዘ፤ የመሥሪያ ቤት ዕድገቱም እንዲሁ። እሱ ግን ሁለቱንም ሥራ እስኪሞት አልተወም፤ ጠዋት የወንዙን ቁመት ይጽፋል፣ እሑድ መልእክት ያነባል፤ ለምን እንዳልተወም ለማንም አላስረዳም፤ የጠየቀውም አልነበረም።

በዚያን ዘመን በሩቅ አገር ታላላቅ አዳራሾች የተማሩ ሰዎች፣ ሃይማኖትና ሳይንስ ባንድ ራስ ውስጥ መኖር ይችላሉን እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ ክርክራቸውም በቆዳ በተለበጡ መጻሕፍት ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። የዓባይም ቁመት በዚያ ዓመት ስንት ክንድ እንደ ነበረ ከሠንጠረዡ ላይ አልጠፋም፤ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ከየመንደሩ ለቅመው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ዊሳ ነበርና። ኢስቴር ሦስቱንም ጎታ የሸጠችው በማን ቃል እንደ ነበረ ግን የትም አልተጻፈም። በናዝላም በዓሉ በሰኔ አሥራ ሁለት እስከ ዛሬ ይከበራል፤ ሰዎቹም ከቅዳሴ ወጥተው፣ ዓመቱ እንዴት እንደሚሆን እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ።