ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ድግስ

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ሰው መጥቶ «ልጄን ዓይን በላብኝ» ሲለኝ ሙቀት መለኪያ ነው የማወጣለት፣ ሰው በሌለበት ቤት ድምፅ ሰማሁ የሚል ሲያጋጥመኝም ከንፈሬን መጥጬ ነበር የማልፈው፣ እንግዲህ የኔን ስትሰሙ እናንተም ከንፈራችሁን ብትመጥጡብኝ አልቀየምም።

ያለፈው ዓመት ፋሲካ ነው፣ እዚሁ ደብረ ታቦር። ከቤተሰቤ ተለይቼ በዓል ስውል የመጀመሪያዬ ነበር፣ ወድጄም አይደለም። ቤተሰቦቼ ከጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፣ ሩቅም አይደሉም፣ ክምር ድንጋይ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ግን ጥር ላይ አባቴ ታናሽ እህቴን ትርንጎን ሊድራት ተነሣ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ እኔ ሄጄ ለቀበሌ ተናገርኩና ሠርጉ ቀረ። አባቴ ደወለልኝ፣ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ጠላው ተጠምቆ፣ ሰው ተጠርቶ፣ በአገር ፊት አዋረድሽኝ። ለፋሲካ ደጄን እንዳትረግጪ።»

እኔም እልኸኛ ነኝ፣ «አልረግጥም» አልኩት። ቢሆንም ትርንጎን አተረፍኳት ብዬ በልቤ ኮርቼ ነበር፣ እውነቴን ነው።

የፋሲካ ዕለት አከራዬ እማማ ጥሩነሽ ጋፋት እህታቸው ዘንድ ሊውሉ ሲነሡ፣ «ተነሽ ልጄ፣ አብረን እንሂድ፣ በዓልን ብቻ መዋል ደግ አይደለም» አሉኝ።

«አንቱ ይሂዱ እማማ፣ እኔ እተኛለሁ» አልኳቸው።

በሳህን ዶሮ ከድነውልኝ ወጡ፣ ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ከዶሮው አንድ ጉርሻ ቀምሼ መልሼ ከድኜው አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ፣ ከራስጌዬ ግድግዳ ወዲያ ብርጭቆ ሲጋጭ ሰማሁ፣ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት፣ ቀጥሎ ሰው ሲስቅ፣ «ብሉ እንጂ፣ ምን አቀረቀራችሁ» የምትል ሴት፣ ወዲያው እልልታ። ለካ እማማ ተዘግቶ የኖረውን የጎኔን ክፍል አከራይተውታል አልኩ፣ እመኑኝ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም፣ ይልቅ ተናደድኩ፣ የሰው ደስታ እንደዚያ ቀን መርሮኝ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ይመርቃሉ፣ ሰዉ «አሜን» ይላል፣ የበቅሎ ቃጭል ይሰማል፣ በቅሎ ክፍል ውስጥ ምን ትሠራለች ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ያ ሁሉ ሰው ሲንጫጫ፣ በጆሮዬ ትክክል ግድግዳው ተንኳኳ፣ በጣት፣ ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ። ጀርባዬን ሰጠሁት። እንደገና ሦስት ጊዜ፣ አሁን ጠንከር ብሎ፣ ከሥሩ የታፈነ የልጅ ልቅሶ አለ።

«ልጃችሁን ያዙ!» ብዬ ጮህኩ።

ወዲያው ሁሉም ጸጥ አለ። እልልታው፣ ሳቁ፣ ቃጭሉ፣ እንደተቆረጠ ገመድ።

በበዓል ቀን ሰው አስቀየምኩ ብዬ ተጸጸትኩና እንኳን አደረሳችሁ ልላቸው ወጣሁ፣ የክፍሉ በር ላይ የዛገ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ሱቅ ወዳላቸው ወደ ጋሼ ሰይድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እንግዶቹ መቼ ወጡ?»

«የምን እንግዳ ልጄ? እማማ ከወጡ ወዲህ በዚህ በር ድመት እንኳ አልገባም።»

«እልልታው አልተሰማዎትም?»

አዩኝና ውሃ ቀዱልኝ። በማግስቱ እማማ ክፍሉን ከፍተው አሳዩኝ፣ በእኔ ግድግዳ በኩል የዘር ድንች ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፣ እንኳን ሰው አይጥ አያስቆምም።

በሳምንቱ አንድ ያገሬ ሰው መድኃኒት ሊገዛ መጣና ነገረኝ፣ አባቴ የበዓል ጥሪ አስመስሎ ትርንጎን በዚያው በፋሲካ ዕለት ድሯታል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበቅሎ ወስደዋታል። ደጄን እንዳትረግጪ ያለኝ ለካ በቁጣ ብቻ አልነበረም፣ መንገዱን ሲያጸዳ ነበር። ያልሮጥኩበት የቀበሌና የፖሊስ ደጅ የለም፣ «አሁንማ ከባሏ ቤት ገብታለች፣ በሽማግሌ ጨርሱት» ነው ያሉኝ።

ሰኔ ላይ ክምር ድንጋይ ገበያ አገኘኋት፣ ራሷን በሻሽ አስራ፣ ከአማቷ ኋላ ሽንኩርት ተሸክማ። አቀፍኳት፣ እጆቿን አላነሣችም።

«እታለም፣ የዚያን ዕለት ጓዳ ገብቼ ግድግዳውን ሳንኳኳ፣ ወዲያ በኩል አንቺ ነበርሽ» አለችኝ።

ስለዚያ ድምፅ እሷንም ሆነ ሌላ ያገሬን ሰው አንዳች ነግሬ አላውቅም። «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ድምፅሽን ሰማኋ። ‹ልጃችሁን ያዙ› አልሽ፣ ያዙኝ።»

አማቷ ጠራቻት፣ ሄደች።

ዘንድሮም ፋሲካ ደርሷል፣ አባቴ «ያለፈው አለፈ፣ ነይ» ብሎ ልኮብኛል፣ አልሄድም። እማማ ጥሩነሽ ሰፋ ያለ ክፍል ሊሰጡኝ ቢሉም እምቢ ብያለሁ፣ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ፣ «አለሁ፣ አለሁ» እላለሁ፣ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።