ሁለተኛው መስመር

ቅዳሜ ጠዋት ናዲን ፐርስሎ እንደ ወትሮዋ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳች። ሻይ አፈላች። ሁለት ቁራጭ ዳቦ ጠብሳ አንዱን በላች፤ ሌላውን በመስኮት ለወፎች ጣለች። ቱታዋን ለብሳ ወጣች። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የእንግሊዟ ሊንከንሻየር ጠባብ መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ቀስ ብላ ነዳች። የድሮው የእህል ጎተራ ዘንድ ስትደርስ ለሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ሮላንድ፣ መጥቻለሁ!» አለች።

ሮላንድ አስኪው መሥሪያ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። የራስ ቅሉ ግራ ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ዓይኑ ከቦታው የለም። ደሙ የሲሚንቶውን ስንጥቅ ተከትሎ እስከ በሩ ድረስ ፈስሶ ነበርና ናዲን የረገጠችው ምን እንደሆነ የገባት ቁልቁል ስታይ ነው። ከትከሻው አጠገብ ጫፉ በደምና በፀጉር የተለወሰ የመዳብ መዶሻ ወድቋል።

ጩኸቷን የሰማው የእርሻው ባለቤት እየሮጠ መጥቶ የግቢውን በር ዘጋ፤ ለፖሊስም ደወለ።

ኢንስፔክተር ሄስተር ብሬይ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። አጭር፣ ጉንፋን የማይለቃት ሴት ናት። ሬሳ ያለበት ክፍል ስትገባ ምንም እንዳትነካ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ታጣምራለች። ቁጢጥ ብላ ሟቹን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አራት ጊዜ ተመቷል» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ይበቃው ነበር። ቀኝ እጁንስ አየኸው፣ ፊንች?»

ወጣቱ ፖሊስ ፊንች ማየት አልፈለገም፤ ግን አየ። ሦስቱ ጣቶች ወደ ኋላ ተቆልምመው ተሰብረዋል። መዳፉ ላይ እንደ ሹካ ሁለት ጥርስ ያለው ነገር ሥጋውን ቆርጦ ጥቁር ግራሶ ጥሎበታል።

«አናቱን የመታው ሊገድለው ነው። ጣቶቹን የሰበረው ግን የጨበጠውን ሊያስለቅቀው ነው። ብረት ነው የጨበጠው። ከግቢው የወጣ ሰው አለ?»

«ማንም አልወጣም፣ እመቤቴ። ኪሳቸውን፣ መኪናዎቻቸውን፣ ሳማውን፣ ጉድጓዱን ሳይቀር ፈትሸናል።»

«ብረት አላገኛችሁም?»

«እመቤቴ፣ ጎተራው ሙሉ ብረት ነው!»

እውነቱን ነው። እዚያ የሚሰበሰቡት የመኪናን ክፍሎች በሣጥን በሣጥን ገዝተው፣ ሁለት ሦስት ዓመት ፈጅተው በገዛ እጃቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች ናቸው። ማኅበራቸው ዝግ ነው፤ አዲስ ሰው ካልተመሰከረለት አይገባም። በዚያን ጊዜ በጎተራው ውስጥ በሥራ ላይ የነበሩት መኪናዎች ሦስት ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ሦስቱ በዚያ ጠዋት ግቢው ውስጥ ተገኝተዋል።

መጀመሪያ የተጠየቀችው ግሌኒስ ቶፍት ናት። ግዙፍ ሴት ናት፤ እንባዋን በቱታዋ እጅጌ እየጠረገች ትናገራለች።

«መዶሻው የእኔ ነው፤ አዎ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ “ሮላንድ፣ አንድ ቀን አናትህን እፈልጠዋለሁ” ብዬዋለሁ። ጻፊው፤ እነሱም ይነግሩሻል።»

«ለምን አልሽው?»

«ፍሬኔን ሦስት ጊዜ አስፈታኛ! ሦስት ጊዜ! በሦስተኛው ቱቦው ተበልቶ ተገኘ። ዝም ቢለኝ ኖሮ ይሄኔ አፈር በልቼ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ይሰድቡታል እንጂ አይገድሉትም።»

«እነዚህ ዳዶዎች ላይ ያለው ቀለም ምንድን ነው?»

«ልማዳችን ነው። ዳዶ ያጠበቀ ሰው በራሱ ቀለም መስመር ያሰምርበታል። ከዚያ ሌላ ሰው የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ መለኪያ መፍቻ ይሞክረውና የራሱን መስመር ከጎኑ ያሰምራል። እኔ ቀይ ነኝ፤ ደሪክ ሰማያዊ፤ ናዲን ቢጫ። ሁለተኛው መስመር ግን ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ የሮላንድ። ሁለት መስመር የሌለው መኪና ከዚህ በር አይወጣም። እጃችን ከመልመዱ የተነሳ እኔ እቤቴ የቧንቧ ዳዶ ሳጠብቅ እንኳ ብሩሽ እፈልጋለሁ፤ ትስቂብኝ ይሆናል።»

«አልስቅም። ዛሬ ስትደርሺ ማን ነበር?»

«ናዲን እየጮኸች ነበር። ዞር ስል ደግሞ ደሪክ አጠገቤ ቆሟል። ሲገባ አላየሁትም፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ማንን ያያል?»

ደሪክ ሞትራም የማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ድምፁ ለስላሳ። ቱታው ተተኩሶ ከመደርደሪያ የወረደ ይመስላል።

«ናዲንን አይጫኗት፣ እባክዎ» አለ። «ባሏ ኔቪል እዚሁ በሠራው መኪና ነው የሞተው፤ ሁለት ዓመቱ ነው። መንገድ ላይ ባወጣው በመጀመሪያው ቀን! ፍጥነት ነው አሉ። አሁን ያንን ስብርባሪ እንደገና ልትገጣጥም ትደክማለች፤ ሮላንድም አሮጌውን እየፈታ ያግዛት ነበር። ሐዘን ሰውን ምን እንደሚያደርግ… እንግዲህ እኔ ምንም አልልም። ከሱ ጋር ብቻዋን የነበረችው ግን እሷ ናት።»

«እርስዎ ዛሬ ጎተራው ውስጥ የነኩት ነገር አለ?»

«ምንም። በሩ ላይ ሆኜ አይቼው ተመለስኩ። መኪናዬ ጋ እንኳ አልደረስኩም።»

ናዲን በመጨረሻ ተጠራች። ጫማዋን አውልቃለች፤ ደሙ ደርቆበታል።

«ሐሙስ ደወለልኝ» አለች። «“ቅዳሜ ከሌሎቹ ቀድመሽ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ፤ ስለ ኔቪል የማሳይሽ አለ” አለኝ። በስልክ አይሆንም አለ።»

«ምን ይመስልሻል?»

«አላውቅም። ኔቪል ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ እስቅበት ነበር። ከዚያ “ፍጥነት ነው” አሉኝ፤ አመንኳቸው።» ጫማዋን በእግሯ ወደ ጎን ገፋች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይሜዋለሁ፣ ኢንስፔክተር። ቅያሜዬ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው ዛሬ ተገደለ።»

ሄስተር መሐረቧን አውጥታ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ብቻዋን ወደ ጎተራው ተመለሰች። የብረት ምድጃው ገና ትኩስ ነበር። አመዱን በእንጨት ስትቆሰቁስ አራት የነሐስ ቁልፎች ወጡ፤ የቱታ ቁልፎች። በሦስቱ መኪናዎች መካከል ቀስ እያለች ተመላለሰች፤ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ገና አካል ያልለበሰው የደሪክ መኪና ዘንድ ስትደርስ ቆመች። እጆቿን ከኋላዋ አላቀቀችና በአንድ ጣቷ አንዱን ዳዶ ነካች። ወጥታ ግሌኒስን ጠራቻት።

«ማኅበራችሁ ሥራችሁን በፎቶ የምትለጥፉበት ኢንተርኔት ላይ ዝግ ገጽ አለው አይደል? የዚህን ሳምንት አሳዪኝ።»

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በደሪክ መኪና ዙሪያ ቆሙ። ሬሳው ተነስቷል፤ ደሙ አልታጠበም።

«ሮላንድ አንድ ብረት ጨብጦ ሞተ» ስትል ጀመረች ሄስተር። «ለወይዘሮ ፐርስሎ ሊያሳያት ያመጣው ነው። ገዳዩ ጣቶቹን ሰብሮ ወሰደው። ደም የረጨውን ቱታ አውልቆ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ልብስ ይቃጠላል፤ ብረት ግን አይቃጠልም። ይዞት እንዳይወጣ የናዲን መኪና ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ጭቃው እስኪያደርሳት ባገኘው ጥቂት ደቂቃ ብረቱን መደበቅ፣ ከዚያም ተሸሽጎ ቆይቶ በጩኸቱ ግርግር ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል ነበረበት። ታዲያ ብረት የት ይደበቃል? ብረት መሀል።»

«ጉድ!» አለች ግሌኒስ።

«ሐሙስ ማታ አቶ ሞትራም የመኪናቸውን ፎቶ ለጥፈዋል። መሪው ከታችኛው ዘንግ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ባዶ ነው። ሥሩም እንዲህ ይላል፦ “ማገናኛዬ እስከ ማክሰኞ አይደርስም።”»

«እኔም “እስከዚያ በጉልበትህ ንዳው” ብዬ ጽፌለታለሁ» አለች ግሌኒስ፤ ድምፅዋ ግን ሳቅ አልነበረውም።

«ዛሬ ግን ማገናኛው ይኸው፤ ተገጥሟል።»

«ቀድሞ ደረሰ» አለ ደሪክ። «ትናንት ገጠምኩት።»

«ትናንት?» ግሌኒስ ዞረችበት። «ትናንት ጎተራው ዝግ ነበር! ቁልፉ ያለው ሮላንድ ጋ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እስኪመሽ ከተማ ነበር።»

ሄስተር ጣቷን ከፍ አደረገች። ጫፉ ሰማያዊ ነው።

«ዳዶው ላይ ያለውን መስመር ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነካሁት። እርጥብ ነበር። ሬሳ እግርዎ ሥር ተኝቶ፣ ልብስዎ ምድጃ ውስጥ እየነደደ፣ ዳዶውን አጠበቁ፤ ከዚያ ብሩሽ አንስተው አሰመሩበት። እርስዎ አላሰቡትም። እጅዎ ነው ያደረገው።»

ደሪክ እጁን ቱታው ላይ ጠረገ።

«የቀረው ለምን የሚለው ነው» አለች ሄስተር። የማገናኛውን ሌላኛውን ጫፍ ቀስ ብላ ፈታች። ጫፉ እንደ ሹካ ሁለት ጥርስ አለው። «እዚህ ላይ ያሉት መስመሮች አሮጌ ናቸው፤ ሰማያዊና ነጭ። በእርስዎ መኪና ላይ የሚያይ ሰው ምንም አይጠረጥርም። ግን ይህ ብረት የተፈታው ከኔቪል መኪና ስብርባሪ ነው፤ እዚያ ቦታው ባዶ ሆኗል።» ዳዶውን ገልብጣ ለናዲን አሳየቻት። «ከሥሩ ምን ታያለሽ?»

ናዲን ጎንበስ አለች። «ቀለም። ወደ ውስጥ ገብቷል።»

«የጠበቀ ዳዶ ሥር ቀለም ይገባል?»

«አይገባም» አለች ናዲን። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «ሲቀባ የላላ ነበር» አለች።

«የላላ ነበር። መንገድ ላይ ዘንጉ ከማገናኛው ሾልኮ ወጣ፤ ባልሽ የማይታዘዝ መሪ ይዞ ቀረ። ነጩ መስመርም የሮላንድ አይደለም፤ እሱ በመፍቻ ሞክሮት ቢሆን ኖሮ መላላቱን ባወቀ።»

«የዚያን ሳምንት ሮላንድ ሆስፒታል ነበር!» ግሌኒስ ጮኸች። «በመኪናው ይዤው ሄጄ ያደረስኩት እኔ ነኝ! ደሪክ “ከመግባቱ በፊት ፈትሾታል” አለን… አንተ የእሱን ቀለም!»

ደሪክ የጎማ መፍቻውን ብረት ሲያነሳ ማንም አልቀደመውም። የመጀመሪያው ምት ፊንችን አፉ ላይ አገኘው፤ ልጁ ጥርሱን በደም እየተፋ ወደቀ። ሁለተኛው በሄስተር ራስ ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ሰበራት፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሦስተኛውን አልሰነዘረም። ግሌኒስ የእሳት ማጥፊያውን በሁለት እጇ አሽከርክራ ጉልበቱ ላይ አሳረፈችው፤ ሲወድቅም ደረቱ ላይ ተቀመጠችበት።

«ተንቀሳቀስ እስቲ!» አለችው እያለከለከች። «ተንቀሳቀስና ልድገምህ!»

ደሪክ ከሥሯ ሆኖ አለቀሰ። «የኔቪልን መሪ የገጠምኩለት እኔ ነኝ፤ የመንግሥት ፍተሻው በነጋታው ነበር… ተመልሼ አጠብቀዋለሁ ብዬ ነው ያሰመርኩት። ረሳሁት። ስለ ረሳሁ ብቻ ነው! ትናንት ማታ ሮላንድ ደውሎ “ራስህ ንገራት፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ” አለኝ። ዛሬ ማልጄ መኪናዬን ከአጥሩ ኋላ አቁሜ ለመንኩት። “ብረቱን ስጠኝ” አልኩት። አልሰጥም አለ።»

ናዲን በባዶ እግሯ ከላዩ ቆመች።

«ስንት ጊዜ መታኸው?»

ደሪክ ፊቱን ወደ ሲሚንቶው አዞረ።

«አራት ጊዜ» አለች ራሷ። «አንድ ዳዶ ለማጥበቅ ግን ጊዜ አጣህ።»

የኔቪል መኪና በነሐሴ አለቀ። ናዲን የመሪውን አዲስ ማገናኛ ብቻዋን ገጠመች፤ በመለኪያ መፍቻ ሁለት ጊዜ ሞከረችው፤ ቢጫ መስመሯንም አሰመረች። ግሌኒስ በቀይዋ ልትፈትሽላት ብሩሽ ይዛ መጥታ ነበር፤ ዳዶውን ሞከረች፤ «ጥብቅ ነው» አለች፤ ብሩሹን ግን መልሳ ከደነችው።

መኪናው አሁን ጎተራው ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ ይነሳል፤ ፍሬኑ ይይዛል፤ መሪው ይታዘዛል። ነጩ መስመር የለም።