የአደይ መስተዋት

መካኒኩ ተስፋው ቡሬ ባለው ጋራዡ ውስጥ የጭነት መኪና ተጭኖት ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያገኘችው ሚስቱ አደይ ናት፤ ገበዝ ማርያም ሄዳ የታመሙ እናቷን ጠይቃ መመለሷ ነበር። ጩኸቷን ሰምቶ ያልመጣ ሰው አልነበረም። መርማሪው አምሳ አለቃ ክንፈሚካኤል ከፍኖተ ሰላም እስኪደርስ አገሬው ፈርዶ ጨርሷል፤ ገዳዩ የመኪናው ባለቤት ነጋዴው ኢስሃቅ ነው ተብሎ ሰውዬው የፊጥኝ ታስሯል።

አምሳ አለቃው መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ወንበር ሲያቀርቡለት በእግሩ ገፋ አድርጎ አለፈ። የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ መልሶ እየቆለፈ ጋራዡን ዞረው። ሬሳውን ለማውጣት መኪናው በክሪክ እንደ ነበረው ተነሥቷል። የተስፋው መፍቻ አሁንም ከመኪናው ሆድ ሥር ብሎኑ ላይ እንደተሰካ ነው።

«ክሪኩ አልተንሸራተተም» አለ እንዳለው የተባለው የቡሬ ፖሊስ። «መልቀቂያው ተከፍቶ ነው ያገኘነው። ከሥር የተኛ ሰው እጁ እዚያ አይደርስም። ማታ ደግሞ ኢስሃቅ በሩ ላይ ታይቷል።»

«ማታ መሞቱን ማን ነገረህ?»

«ፋኖሱ ነዋ፣ ጌታዬ! ላምባውን ጨርሶ ነው የጠፋ።»

ፋኖሱ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሏል። ክንፈሚካኤል አፍንጫው ኖራውን እስኪነካ ተጠጋና ከፋኖሱ በላይ ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ጣቱን አየና «እህ» አለ።

ኢስሃቅ ላብ በላብ ሆኗል።

«ማታ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«መኪናዬን ላይ ብዬ። በሩ ተዘግቷል፤ ብጣራ መልስ የለም። ወላሂ ወደ ውስጥ አልገባሁም!»

«መብራት ነበር?»

«ድቅድቅ ጨለማ ነበር።»

«ቀንስ የት ዋሉ?»

«ጁምዓ ሰገድኩ፤ ከመስጊድ ወጥተን ቀብር ሄድን። እስኪመሽ ከሰው አልተለየሁም። ግን የቀኑን ማን ይጠይቀኛል? ማታ ነው የሚሉኝ! ይሰቅሉኛል አይደል?»

አምሳ አለቃው የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ዘወር አለ።

የአደይ ታላቅ ወንድም ገብረሰንበት ዓርብ ጠዋት ነበር ከደብረ ማርቆስ የመጣው። ነጠላውን ዘቅዝቆ ሳይጠሩት ቀረበ። «እኔ አይቻለሁ። ትናንት ማታ ወደ ማኅበር ስሄድ በበሩ ስንጥቅ የፋኖስ ብርሃን ይታያል፤ መዶሻ ይሰማል። ይኸ ሰውዬ በሩን ገፍቶ ገባ። እኔማ ማኅበር ቤት ነው ያደርኩ፤ ቄሱን ይጠይቋቸው።»

«እሺ» አለ ክንፈሚካኤል፤ እግሩ ግን ወደ ደጅ ወስዶታል። ግቢው መካከል በድንጋይ የተደገፈ ትልቅ መስተዋት ቆሟል። አደይ ጀርባዋን ሰጥታው መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይኸ መስተዋት እዚህ ምን ይሠራል?»

«የሠርጌ ነው። ተስፋው ጄኔሬተር የሚገዛበት አቅም ከየት ያምጣ? አንድ ጊዜ ፋኖስ ቤንዚን አያይዞ እጁን ካነደደው ወዲህ እሳት የሚባል ጋራዥ አላስገባም ብሎ ማለ። ግድግዳውን ኖራ ቀባው፤ ሰሞኑን ነው የጨረሰ። መስተዋቴን አውጥቶ ፀሐይዋን ወደ ውስጥ ይመልሳታል። ስትዞርበት እየወጣ ያዞረዋል።» ድምጿ ተቆረጠ። «አንዳንዴ ከሥር ሆኖ፣ አደይ፣ እባክሽ አዙሪልኝ ይለኛል። ፊቴን የማይበት አሳጣኸኝ ብዬ አኩርፌ እምቢ እለዋለሁ። ስሄድም እንደተኮራረፍን ነው።»

«ፋኖስ እንደማያስገባ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ክንፈሚካኤል እንዳለውን ጠርቶ መስተዋቱን የነካ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠ፤ ኢስሃቅ አብረውኝ ነበሩ ያላቸውን ሰዎችም አስጠየቀ። ከዚያ ሁሉንም ጋራዥ ውስጥ ሰበሰባቸው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ቀትር አለፈ፤ አምሳ አለቃው ከበር እስከ መኪናው ይመላለሳል።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ ገብረሰንበት። «ሬሳ አፈር ይልበስ እንጂ!»

«ፀሐይን። ጥቂት ይታገሱኝ።» ፋኖሱን ከምስማሩ አነሣ። «ይህ ፋኖስ እዚህ ተንጠልጥሎ ላምባውን እስኪጨርስ ነድዷል ተባለ። ኖራው ግን አዲስ ነው። ከፋኖሱ በላይ ጥላሸት ቢፈለግ የለም፤ እጄን ብትሉ ነጭ ነው። ስለዚህ ፋኖሱ እዚህ አልነደደም፤ ባዶውን ነው የተሰቀለ። ተስፋው ማታ ሞተ እንዲባል የፈለገ ሰው ሰቀለው። ያ ሰው ደግሞ ተስፋው እሳት ላያስገባ መማሉን አያውቅም። እንዳለው፣ ቡሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ አለ?»

«ማንም የለም፣ ጌታዬ። በመስተዋቱማ ስንስቅበት ነው የከረምን። እኔ ነኝ ፋኖሱን ሳይ ያላሰብኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አዲስ መጪ ካልሆነ።»

ገብረሰንበት ወደ በሩ አየ። በዚህ መካከል ከመስተዋቱ የተነሣው ብርሃን በወለሉ ላይ ሄዶ፣ ጎማውን አልፎ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ገባ። መፍቻው ላይ ሲያርፍ ብሎኑ ቦግ አለ። አደይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ትናንት ተስፋው መስተዋቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያዞረው ለዚህች ሰዓት ነው» አለ ክንፈሚካኤል። «ፀሐይዋ ስታልፍ ግን ወጥቶ አላዞረውም፤ ያኔ ሞቷል። በዚህች ሰዓት ኢስሃቅ መስጊድ ውስጥ፣ ከተማው እያየው ነበር። አንተ ግን ገብረሰንበት፣ ማታ ያልነደደ ፋኖስ አየሁ አልክ፤ የሞተ ሰው መዶሻ ሰማሁ አልክ። የማታህን ቄሱ ይመስክሩልህ፤ የቀትሩን ማን ይመስክርልህ?»

«ይኸ ጋራዥ የቆመበት የአባቴ መሬት ነው!» ብሎ ጮኸ ገብረሰንበት። «አስፋልት ዳር ያለ መሬት፣ እንሽጠው ስለው ከሥር ተኝቶ ሳቀብኝ! ላስደነግጠው ብዬ ነው ክሪኩን የነካሁት፤ በአንዴ ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም!»

እንዳለው ገመዱን ከኢስሃቅ እጅ ፈትቶ በገብረሰንበት እጅ አሰረው። ኢስሃቅ እጁን እያሻሸ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ከዚያ አደይን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

አደይ ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። ፀሐይዋ ዞራ ብርሃኑ ከብሎኑ ላይ እየወረደ ነበር። ብድግ ብላ ወጣችና መስተዋቱን በሁለት እጇ ይዛ በትንሹ አዞረችው።

«ይበቃል?» ብላ ወደ ውስጥ ጠየቀች።