የበድሩ ብር ጀርባ

በድሩን ከሰሊጥ ጆንያ ሥር ያወጡት ጎህ ሲቀድ ነው። የሱዳኑ የገዳሪፍ ገበያ «ክምሩ ተንዶበት ነው፤ የአላህ ውሳኔ» ብሎ ሊቀብረው ሲጣደፍ፣ ልጁ ሰዓዲያ አንገቱን አየች። ከአያቱ የወረሰው አሮጌ ብር፣ ጀርባው በቆዳ ተለብዶ በጠፍር የሚንጠለጠለው፣ የለም። ባዶው ቆዳ ብቻ በቢላ ተሰንጥቆ ቀርቷል።

ከቀብር መልስ የመጋዘኑን ሠራተኞች ማደሪያ ስትበረብር ብሩን አገኘችው፤ ከአክሊሉ ትራስ ውስጥ። አክሊሉ ወደ ሊቢያ ለመሻገር የመንገዱን ገንዘብ የሚያጠራቅም ጆንያ ተሸካሚ ነው። የአባቷን ጩቤ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ስትሮጥ፣ ሚዛን ጠጋኙ ወልደ ማርያም መንገድ ላይ ያዛት። ሰውየው ጎንደር ሳለ ሃያ ዓመት ወንጀል መርማሪ ነበር።

«ማንን ልትወጊ ነው?»

«አክሊሉን፣ አያ ወልዴ። ይኸው ከትራሱ አወጣሁት።»

ብሩን ተቀብሎ አገላበጠው። ሰዓዲያም ጀርባውን ያየችው ገና ያን ዕለት ነበር።

«ገድሎ የወሰደውን ትራሱ ውስጥ ትቶ ሥራ የሚሄድ ሰው አላጋጠመኝም» አለ። «እስከ ዐስር ሰላት ታገሺኝ። መገኘቱንም ለማንም አትንገሪ። ካልሆነልኝ ጩቤሽን እኔው እስልልሻለሁ።»

በድሩ በሞተበት ምሽት የሰሊጡ መጋዘን ውስጥ አብረውት የነበሩት ሦስት ናቸው። ሦስቱንም አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ ብሩን እንድንፈልገው መልኩን ንገሩኝ።

አክሊሉ የጭነት መኪና ላይ ነበር። «ባለ ሁለት ራሷን ወፍ ነው የማውቃት። ጎንበስ ሲሉ ታበራለች። ከኛ ጋር ጎንበስ ብሎ ጆንያ የሚያነሳ ነጋዴ እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁ።» አብራ የሄደችው ሰዓዲያ፣ እሱ ሲናገር የምታየው ጉሮሮውን ነበር።

የበድሩ የወንድም ልጅ ከማሉ፣ «ማርትሬዛ ናታ» አለ። «ወፉ ከውጭ፣ ሴትዮዋ ከውስጥ። አጎቴ "በቆዳ የሸፈንኳት ሚስቴ እንዳትቀና ነው" እያለ ያስቀን ነበር።»

የበድሩ ሸሪክ ሉጥፊ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ወላሂ ሰዓዲያ፣ ያን መንገደኛ በእጄ ነው የማንቀው።»

«ብሩስ?» አለ ወልደ ማርያም።

«ያለቀ ብር፤ አፍንጫው እንኳ በቅጡ አይታይ። ለዚያ ተብሎ ሰው ይገደላል?»

ዐስር ላይ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ጆንያ ሰው ይገድላል፤ ቆዳ ግን አይሰነጥቅም» ብሎ ጀመረ ወልደ ማርያም። «የበድሩ አንገትና ደረት ሰሊጥ ለብሶ ነበር። የተሰነጠቀው ቆዳ ውስጥ ግን አንዲት ፍሬ የለችም። ብሩ የወጣው ጆንያው ከወረደበት በኋላ ነው። ሉጥፊ፣ "ያን መንገደኛ" ስትል ማንን ነው? አክሊሉን የጠረጠርነው እኔና ሰዓዲያ ብቻ ነን።»

«ገመትኩ።»

«ደግ። ገዳሪፍ ሁሉ ብሩን ማርትሬዛ ነው ይላል፤ ሴት ናት። አንተ ግን "አፍንጫው" አልከኝ።»

«ብሩን ማለቴ ነው።»

«ብር አፍንጫ የለውም፣ ሉጥፊ።» ብሩን ገልብጦ አሳየ። ፊቱ ያለቀ፣ ሻሽ የሌለው የወንድ ራስ ነበር። «ሴትዮዋ የነገሠችበት አገር ንጉሥ ነው። የዱሮው የጎንደር ገበያ ሴትዮዋን እንጂ እሱን አይቀበልም ነበር። አያትየው ይህ የማያልፍ ብር ሲደርሳቸው አፈሩና ወንዱን በቆዳ ለበዱት፤ በድሩም ሴት ናት እንዳለ ሞተ። ጀርባውን ያየን ሰዓዲያና እኔ ነን። ሦስተኛው ቆዳውን የሰነጠቀው፣ ብሩንም ትራሱ ውስጥ የከተተው ነው።»

ሉጥፊ ወደ በሩ አየ፤ ፖሊሶቹን አየ። «ልጅህን ለእኔ ዳርልኝ ብዬ ለመንኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ገበያ መሀል ሳቀብኝ።»

የሰዓዲያ እጅ መቀነቷ ውስጥ ገባ። ወልደ ማርያም አልያዛትም።

«በዚህ አገር ሕግ ቂሷስ አለ» አላት ብቻ። «ይሙት፣ ይማር የሚለው ዳኛው አይደለም፤ የሟች ልጅ ናት።»

ጩቤውን አውጥታ አክሊሉ እግር ሥር አኖረችው። «ጠርጥሬህ ነበር፤ አውፍ በለኝ» አለችው።

ሽማግሌዎች አራት ጊዜ መጡ። የደም ካሳ አቀረቡ፤ የሉጥፊ እናት ደጃፏ ላይ ተንበረከኩ። ሰዓዲያ ውሃ አጠጥታ ሸኘቻቸው። በፍርዱ ቀን ብሩን በአዲስ ጠፍር አንገቷ ላይ አሰረች፤ ያለ ቆዳ፣ ወንዱን ወደ ውጭ አዙራ።

ዳኛው «ትምሪዋለሽ?» አሏት።

ሉጥፊ ቀና አለ። እሷም ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«አፍንጫው ይታይሃል?» አለችው። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረች። «አልምረውም።»